ሲሞቅ የሚከዳ ዕቃ

ሰኔ 21፣ 2017፣ ቅዳሜ

ተሰማሁ! ከሆሳዕና አዲስ አበባ ድረስ፣ ያለ ስልክ፣ ያለ ኔትወርክ፣ በአንድ የባጃጅ ባትሪ ተሰማሁ።

በትምህርት ቤታችን ላቦራቶሪ መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠግብ የኖረው ሬዲዮ ነው። በትከሻ የሚንጠለጠል፣ የሚሰማም የሚያወራም፤ አንድ የውጭ አገር መምህር ሲሄድ እንደተበላሸ ትቶልን የሄደው። የሬዲዮ ክበቡን ያቋቋምኩት እኔ፣ ፈቃዱን ለማምጣት አዲስ አበባ የተመላለስኩት እኔ፣ የፊዚክስ መምህርቷ ማኅሌት። ፈቃዱ የሚያገለግለው እስከ ጳጉሜ ነው። በየቅዳሜው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አዲስ አበባ ያለ ክበብ ይጠብቀናል፤ እዚያ የሚያናግረኝ ሰው ሚክያስ ይባላል። ዛሬ በጠራ ፀሐይ "ድምፅሽ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ኦቨር" አለኝ፤ ኦቨር ማለት ጨርሻለሁ፣ ተራው ያንቺ ነው ማለት ነው።

የሬዲዮው ሆድ ዕቃ ግን ከገበያ የተለቃቀመ ነው። ፈትሁዲን፣ መናኸሪያው አጠገብ አረንጓዴ ኮንቴይነር ውስጥ ቴሌቪዥንና ስልክ የሚጠግነው፣ ድምፁን ወደ አንቴናው ሽቦ የሚገፋውን ትራንዚስተር ከሞተ የኮምፒውተር ዩፒኤስ፣ ሌላውን ከተጣለ የዲሽ ሪሲቨር፣ መዳቡን ከተቃጠለ የወፍጮ ሞተር አውጥቶ ገጠመው። የአንድ ከሰዓት ሥራ ሆነለት። እኔ ዓመቱን ሙሉ ስከፍተውና ስዘጋው ነበር። ርዕሰ መምህራችን መልካሙ "ፈትሁዲን ባይኖር ኖሮ!" እያለ አሁንም አሁንም ያነሳዋል። መስከረም ላይ የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን አድርጎ ሊቀጥረው ያስባል። ጥሩ ነው። እኔን ምን አገባኝ።

አንቴናውን ግን ማንም አልነካውም፤ የእኔ ሥራ ነው። ለክረምቱ ሬዲዮውን ቤቴ አስገብቼዋለሁ፤ አንቴናው ከጓሮዬ ባሕር ዛፍ እስከ ጣሪያው ብረት የተዘረጋ ሽቦ ነው፣ ሁለቱም ጫፎቹ በቃጫ የታሰሩ። በክበቡ ዕቅድ ላይ "በአካባቢ ቁሳቁስ" ብዬ ጽፌያለሁ፤ ደግሞም ቃጫ ኮረንቲ እንደማያስተላልፍ ለዘጠነኛ ክፍል ሳስተምር ነው የኖርኩት። ከጓሯቸው እንሰት ፍቀው የገመዱልኝ ጎረቤቴ እትዬ ገነቴ ናቸው። ሳስር ቆመው ያዩኝ ነበር።

"እኔ ክረምት ሲገባ ጥጃዬን በናይለን ነው የማስራት። ቃጫ ዝናብ ሲጠጣ ሌላ ጠባይ ያመጣል" አሉኝ።

"ይሄ ጥጃ አይደለም እትዬ" አልኳቸው። ሁለታችንም ሳቅን።

ሰኔ 28፣ ቅዳሜ

ሌሊቱን የጀመረው ዝናብ አላባራም። ብጣራ ብጣራ መልስ የለም። ሚክያስ ሌላ ሰው ሲያናግር ይሰማኛል፤ እኔን ግን አይሰማኝም። ትራንዚስተሩን ብነካው ጣቴን ለበለበኝ። ነቅዬ አወጣሁት።

ሐምሌ 1፣ ማክሰኞ

ፈትሁዲን በቴስተር ለካው። "ደህና ነው ቲቸር" አለ። ያም ሆኖ ሌላ ሰጠኝ፣ ለመጠባበቂያም አንድ ጨመረልኝ። "ቤት ልምጣና አብረን እንየው?" አለኝ። ቸኩያለሁ አልኩት። አልቸኮልኩም ነበር። አንድ ከሰዓት ቤቴ ተቀምጦ ነገሩን ቢያገኘው ደግሞ መልካሙ ምን ሊል ነው?

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ፀሐይ! ሠራ! ሚክያስ "እንኳን ተመለስሽ" አለኝ። ትናንት የዕቃዎቹን ብየዳ ሁሉ በእጄ አድሼው ነበር፤ ምክንያቱ እሱ ነው። ሥራ እንዲህ ነው።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

ጉም። ካፊያ። ቀጥሎ የለየለት ዝናብ። ሞተ። መጠባበቂያውን ገጠምኩ፤ እሱም ጋለ፣ እሱም ዝም አለ።

ተቀምጬ አሰብኩበት። በቴስተር ሦስቱም ደህና ናቸው። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነው፦ ሲቀዘቅዝ ደህና ይመስላል፣ ሲሞቅ ይከዳል። እንደዚህ ያለ ዕቃ አለ፣ መጽሐፍም ይለዋል። ልክ እንደ ሻጩ፤ ሲያዩት ጨዋ።

ሐምሌ 13፣ እሑድ

የአንዱ ባልደረባችን እናት አርፈው ለቅሶ ላይ ነበርን። ከአጠገቤ የተቀመጠችው ሬጅስትራሯ አዜብ ቴሌቪዥኗ እንደተበላሸ አነሳችና የት ልውሰደው አለች።

"የፈለግሽው ጋ ውሰጂው። ፈትሁዲን ጋ ግን እንዳትወስጂ፤ የሞተ ዕቃ ነው የሚገጥመው" አልኳት።

ቀስ ብዬ ነበር የተናገርኩት። ድንኳን ውስጥ ግን ቀስ ብሎ የተነገረ ነው ሩቅ የሚሄደው። ከኋላችን አንዲት እናት "የቱ ፈትሁዲን?" ሲሉ ሌላዋ "መናኸሪያው ጋ፣ አረንጓዴው ኮንቴይነር" ብላ ስታስረዳቸው ሰማሁ።

የደረሰብኝን ነው የተናገርኩት። ሰው የደረሰበትን መናገር የለበትም?

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ

መብራት ጠፍቷል፤ በሻማ ነው የምጽፈው። ነገሩን እንደሆነው ልጻፈው።

ሦስቱን ትራንዚስተሮች ይዤ ኮንቴይነሩ ጋ ሄድኩ። ሰው ነበረበት፤ አንዱ ስፒከር ታቅፏል፣ ልጅ ያዘለች አንዲት ሴት ስልኳን ትጠብቃለች። ተራዬን መጠበቅ ነበረብኝ። አልጠበቅኩም። ባንኮኒው ላይ በተንኳቸው።

"እነዚህን ለማያውቅ ሰው ሽጥ!" አልኩት።

ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ጎንበስ ብሎ መሬት የወደቀውን አንዱን አነሳ፣ በሸሚዙ ጠረገው፣ ሦስቱንም ደረት ኪሱ ውስጥ ከተታቸው።

"ቲቸር፣ ወላሂ ሳልፈትሽ አልሰጠሁዎትም። አሁንም ቤት ልምጣና አብረን እንየው። ጥፋቱ የእኔ ከሆነ ያን ጊዜ ሰው ፊት ይናገሩብኝ።"

"ተናግሬያለሁ" አልኩት።

ያን ጊዜ ነው ፊቱ የተለወጠው።

"ለማን?" አለኝ።

ትቼው ወጣሁ። ልጅ ያዘለችው ሴት "ስልኬን ስጠኝ፤ ባይሠራም ግድ የለም" ስትለው ከኋላዬ ሰማሁ።

ለምንድን ነው እንዲህ የምሆነው? በቁጣ የገባሁበትን በር በቁጣ ነው የምወጣው። አባቴም እንዲህ ነበር። ከሸዋ ተሹሞ መጥቶ፣ እስኪሞት እንደተቆጣ ኖረ። ግን ደግሞ አልተሳሳትኩም። የጋለው ትራንዚስተሩ ነው፤ ጣቴ ያውቃል።

ሐምሌ 21፣ ሰኞ

ባጃጅ ውስጥ ሁለት ሴቶች በሀዲይኛ ሲያወሩ። የማልሰማ ይመስላቸዋል፤ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ያደግሁ ነኝ። "ዕቃ የሚቀይረው ልጅ" አለች አንዷ። ሌላዋ፦ "ማን አለ?" "አስተማሪዋ ናት ያለችው። የተማረች ሰው ትዋሻለች?"

ሳልደርስ ወረድኩ። በጭቃው በእግሬ ሄድኩ።

ሐምሌ 28፣ ሰኞ

ወንድሜ ዘርአብሩክ ከአዲስ አበባ አዲስ ትራንዚስተር ላከልኝ። በፕላስቲክ የታሸገ፣ ማንም ያልነካው። አሁን እናያለን።

መልካሙን ቢሮው በር ላይ አገኘሁት። "ስለዚያ ልጅ ሰምቻለሁ። ከጉድ ነው ያወጣሽን፤ ልቀጥረው ነበር እኮ!" አለኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

ዝናብ። አዲሱም ጋለ። አዲሱም ዝም አለ።

አዲስ አበባም የሞተ ይሸጣሉ እንዴ?

አንድ ነገር ወደ ልቤ መጣ። ተውኩት።

ነሐሴ 4፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ነበር። ሐሳቤ ጣሪያው ላይ ነበር፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

የፈትሁዲን ሚስት ሰዓዳ መጣች። ባሏ ከትምህርት ቤት ተውሶት የነበረውን መበየጃ፣ ሶልደሩን፣ ይዛ። ግቢ ብላት እምቢ አለች፤ ዣንጥላዋን ሳታጥፍ በሩ ላይ ቆመች።

"ሺንሺቾ ልንገባ ነው፣ እናቴ ጋ። እዚህ ዕቃውን የሚሰጠን ሰው ጠፋ። ኮንቴይነሩንም ለሌላ ሰው ሰጡት" አለችኝ።

"እኔ እኮ…"

"ለጠብ አልመጣሁም ቲቸር። አንድ ነገር ጠይቂልኝ ብሎ ነው የላከኝ። 'ለማን ለማን እንደተናገሩ ይንገሩኝ፤ ቤታቸው ሄጄ አንድ በአንድ ላስረዳ' ነው የሚለው።"

አዜብን አስታወስኩ። ድንኳኑን አስታወስኩ፤ የኋላዎቹን እናቶች፣ ባጃጅ ውስጥ የነበሩትን ሁለቱን፣ መልካሙን። ሁሉም ፊቴ ተደረደሩ።

"አላስታውስም" አልኳት።

ቁልቁል አየችኝ። "እሺ። አላህ ያስታውስዎት" ብላ ሄደች።

እርግማን ይሁን ምርቃት እስካሁን አልለየሁትም።

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

ለማንም የማልነግረውን እዚህ ልጻፈው።

ዝናቡ ካባራ በኋላ ፀሐይ ብልጭ አለች። ትራንዚስተሩ በስንት ጊዜ እንደሚግል ለማየት የማይኩን መናገሪያ ቁልፍ እንደተጫነ በላስቲክ አሰርኩትና ሬዲዮው ያለማቋረጥ እንዲልክ ተውኩት። ነፋስ ተነሳ። ሽቦው ቆርቆሮውን ሲመታው ሰማሁ። ወጥቼ መሰላል ላይ ቆምኩና፣ ሽቦውን ሳይሆን ማሰሪያውን፣ ውሃ የሚያንጠባጥበውን ቃጫ ያዝኩ።

ነከሰኝ። መዳፌ ላይ፣ እንደ ተርብ። መሰላሉን በሌላው እጄ ያዝኩ። ቃጫው እኮ ነው የነከሰኝ! ደረቅ ቃጫ አይናከስም። የረጠበው ግን ከሽቦው የወጣውን ሁሉ ወደ ጣሪያው ብረት ሲያወርደው ከርሟል። መውጫ ያጣው ኃይል ተመልሶ የሚያቃጥለው ደግሞ ትራንዚስተሩን ነው። ይህንንም ለዘጠነኛ ክፍል አስተምሬያለሁ። ውሃ የነካ ነገር ሁሉ ያስተላልፋል፤ ገጽ ቁጥሩን ሁሉ አውቀዋለሁ።

ሬዲዮውን አጠፋሁ። የቃጫውን ቋጠሮ ለመፍታት ሞከርኩ፤ ረጥቦ ተሰብስቦ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። በቢላ ቆረጥኩት። በቦታው ከአሮጌ ጄሪካን የቆረጥኩትን ፕላስቲክ አስገብቼ በናይለን አሰርኩ፤ ሁለቱንም ጫፍ። መልሼ ለኮስኩት። ዝናቡ ተመለሰ። ትራንዚስተሩን ነካሁት፤ ለብ እንኳ አላለም። ጣቴን ሳላነሳ ቆየሁ፤ ሙቅ እንዲሆን እየለመንኩ። አዎ፣ ለመንኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ሬዲዮው እንዲበላሽ ለመንኩ።

ሰኔ 21 ፀሐይ ነበር፣ ሠራ። ሐምሌ 5 ፀሐይ ነበር፣ ሠራ። ወደ ኋላ እየገለጥኩ አነበብኩት። በእጄ ጽፌዋለሁ። እትዬ ገነቴም ከመጀመሪያው ነግረውኝ ነበር፤ እኔ ስለ ጥጃ የሚያወሩ መሰለኝ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

ፈትሁዲንስ? "ቤት ልምጣና አብረን እንየው" አለኝ። ሁለት ጊዜ። ቢመጣ ኖሮ መሰላሉን እኔ እይዝ ነበር፣ እሱ ይወጣ ነበር፣ ወይም እሱ ይዞ እኔ እወጣ ነበር። አንዳችን እንነከስና እንስቅ ነበር።

ነሐሴ 18፣ እሑድ

ሺንሺቾ ልሄድ መናኸሪያ ድረስ ሄድኩ። ሚኒባሱ አልሞላም ነበር። ተመለስኩ። ቢሞላም እመለስ ነበር።

ነሐሴ 19፣ ሰኞ

ስለ አንቴናው የሚያውቅ ሰው አለ? ማንም አያውቅም። እኔ ብቻ። ይህን ለምን ጻፍኩት?

ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ

ኃይለኛ ዝናብ። ሚክያስ እንደ ጎረቤት ነው የሰማኝ። ክበቦቹ ልማድ አላቸው፤ ሰው በደንብ ከተሰማ በኋላ "ጣቢያህን ግለጽ" ይሉታል፦ ማሽኑ ምንድን ነው፣ በምን ኃይል ይሠራል፣ አንቴናው ምን ዓይነት ነው። ሚክያስም ጠየቀኝ፤ ከተጣለ ዕቃ መሠራቱን ስነግረው ተደነቀ።

"ማን ነው የጠገነው? ኦቨር።"

"እኛ። ኦቨር።"

"እኛ" ውሸት አይደለም። አይደለም። ግን ምሳዬ አልበላ አለኝ።

ነሐሴ 27፣ ማክሰኞ

መልካሙ ለምዝገባው ቀን ድግስ ይዟል። ጳጉሜ 1 ወላጆች ለምዝገባ ግቢው ሲሞሉ ሬዲዮው በድምፅ ማጉያ ይሰማል፣ እንግዶችም ይጋበዛሉ። የሚያደርገውን ንግግር ለሙከራ አነበበልኝ፦ "አንድ አጭበርባሪ በሞተ ዕቃ ተስፋችንን ሊያጨልመው ሲል መምህርት ማኅሌት…"

"እሱን አውጣው" አልኩት።

"ለምን?"

"አያምርም።"

"ሕዝቡ ያወቀውን ነገር! ይልቅ ያጣፍጠዋል" አለኝ።

አያምርም! ያገኘሁት ቃል ይሄ ነው።

ነሐሴ 30፣ ዓርብ

አሞኛል ብዬ ልቀር? አንቴናውን ትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ ዛሬ ዘረጋሁት። በጄሪካን ፕላስቲክ። መሰላሉን የያዙልኝ እትዬ ገነቴ ናቸው፤ የልጅ ልጃቸውን ሊያስመዘግቡ መጥተው።

"ቃጫዬን ተውሽው?" አሉኝ።

"ክረምት ነው እትዬ።"

"ነግሬሽ ነበር እኮ" አሉ፤ ያለ ምንም ቂም፣ ስለ ጥጃ እንደሚያወሩ። ከመሰላሉ ወርጄ አቀፍኳቸው። ግራ ገባቸው።

ጳጉሜ 1፣ ቅዳሜ

ነገሩን በተራው ልጻፈው።

ዝናብ ነበር። ወላጆች በረንዳው ላይ ተጠጋግተው፣ ዣንጥላ የያዙት ሜዳው ላይ። አዜብ የምዝገባው ጠረጴዛ ጋ ነበረች። ከለቅሶው ድንኳን የማውቃቸውን እናቶችም አየኋቸው። መልካሙ ንግግሩን አደረገ፤ "አጭበርባሪ" የምትለዋን ሲደርስባት ድምፁን ከፍ አደረገ። ሳቅ ነበር። እኔ ማይኩን ይዤ ተቀምጫለሁ።

ሦስት ሰዓት ሆነ፣ ጠራሁ። የሚክያስ ድምፅ በሁለቱ ማጉያዎች ግቢውን ሞላው። ጭብጨባው ሲበርድ፣ እንግዶች እንዳሉ ነግሬው ስለነበር፣ እንዲሰሙ ብሎ በትልቁ ጠየቀኝ፦

"ጣቢያሽን ግለጪልን እህቴ። ማሽኑ፣ ኃይሉ፣ አንቴናው፣ ጠጋኙስ ማን ነው? ኦቨር።"

"ለማን?" የሚለው የፈትሁዲን ድምፅ መጣብኝ። ለማን እንደተናገርኩ አላስታውስም ብዬ ነበር። ሁሉም ፊቴ ቆመው ነበር።

ማይኩን ተጫንኩ።

"ኃይሉ የባጃጅ ባትሪ ነው። ማሽኑን ከተጣለ ዕቃ ያስነሳው ፈትሁዲን ነው፣ መናኸሪያው ጋ አረንጓዴው ኮንቴይነር የነበረው። የሰጠኝ ሦስት ትራንዚስተር የሞተ ነው ብዬ ለቅሶ ቤት ተናግሬ ስሙን አጥፍቻለሁ። አልሞተም ነበር። የተበላሸው የእኔ አንቴና ነው፤ በቃጫ አስሬው ዝናብ ሲመታው ኃይሉን ያወርደው ነበር። ይህን ካወቅሁ ሁለት ሳምንት ሆኖኛል። አውቄም ዝም ብያለሁ። አጭበርባሪ የለም። እኔ ነኝ የሳትኩት። ኦቨር።"

አየሩ ላይ ሲርርር ብቻ። መልካሙ ማይኩን ሊቀበለኝ እጁን ዘርግቶ ቀረ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይሰማል። በኋላ ከማጉያው፣ ዝግ ብሎ፦ "ሁሉም ጥርት ብሎ ተሰምቷል እህቴ። ኦቨር።"

ማንም አላጨበጨበም። አዜብ ቀና ብላ ሳታየኝ መመዝገብ ቀጠለች። ስወጣ ከድንኳኑ እናቶች አንዷ ክንዴን ያዙኝና "እኔ ቴፔን ነጥቄው ነበር፤ ሳይሠራው" አሉኝ። ለምን ለእኔ እንደሚነግሩኝ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ።

ጳጉሜ 2፣ እሑድ

ኮንቴይነሩ ጋ ሄድኩ። ሰማያዊ ቀለም ቀብተውት የስልክ ሽፋን ይሸጡበታል። ሻጩ "ፈትሁዲን የሚባል ሰው አለ ወይ እያሉ ከጠዋት ጀምሮ የሚመጡት ሰዎች አሰለቹኝ" አለኝ።

ጳጉሜ 4፣ ማክሰኞ

የሺንሺቾው ሚኒባስ ሹፌር ሀሰን በሬን አንኳኳ። በእጁ ትንሽ ጥቅል ይዟል፤ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ በደረቅ ቃጫ የታሰረ። ቋጠሮው የተስተካከለ፣ የባለሙያ።

"ፈትሁዲን ነው የላከልዎት። በማጉያው ያሉትን ሰው ነግሮታል" አለኝ።

"ምን አለ?"

"ምንም አላለም።" ሊሄድ ዞረና ትዝ አለው። "ብቻ 'መንገድ ላይ እንዳይረጥብ አደራ' ብሎኛል።"

ሳቅሁ፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠብኝና በሩን ዘጋሁ።

ሦስቱ ትራንዚስተሮች ናቸው። ባንኮኒው ላይ የበተንኳቸው፣ እሱ በሸሚዙ የጠረጋቸው። ሌላ ነገር የለበትም፤ ይቅር ብዬሻለሁ የሚልም፣ አልልሽም የሚልም። የምፈልገውን አውቆ አልላከልኝም። ልክ ነው። ነገ ሄጄ ፊቱ ቆሜ ነው መጠየቅ ያለብኝ፣ ሚኒባሱ ሞላም አልሞላም።

ቴስተሩን አወጣሁ። ለካኋቸው። ከዚያ ሶልደሩን ለኮስኩና ጣት የማይችለው ድረስ አንድ በአንድ አጋልኳቸው፤ መልሼ ለካሁ።

ሦስቱም ደህና ናቸው። ሲሞቁም ደህና ናቸው።